በክረምት ስለሚደረግ የወጣቶች የኳስ ውድድር
(በድሬዳዋ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የከተማችን ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ዝናቡም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች በድሬዳዋ ሲደረጉ ወሩ የካቲት ነበረ። እኛ ለልጆች ውድድር ስናዘጋጅ ግን ወር የመምረጥ ዕድል የለንም። በእጃችን ያለው ቦታውና ሰዓቱ ነው።

ስለ ቦታው እናስቀድም። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ይሁን እንጂ ጎርፉ የሚወርደው በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነውና በከዚራ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ በዳርቻው ግንብ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ግንቡ ቤቶቹን ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ በአሸዋው ላይ የሚሮጠውን ልጅ አይጠብቀውም፤ እንዲያውም መውጫውን ያጠብበታል። ስለዚህ በክረምት በደቻቱ ውስጥ አንድም ጨዋታ፣ ልምምድም ቢሆን፣ ሊደረግ አይገባም። ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገሩትንም ልጆች አሠልጣኞቻቸው በድልድይ ያሻግሯቸው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚበዛ ጨዋታው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ በ4 ሰዓት ቢያልቅ ከሙቀቱም ያድናል። በየሳምንቱም አንድ ቀን ባዶ ይተው። ለተላለፈ ጨዋታ የሚሆን ቀን ከሌለ ሁሉም ሰው ዳኛውን «አጫውት» እያለ ያስጨንቀዋልና።

ነጎድጓድ ከተሰማ ልጆቹ ወደ ቤት ውስጥ ይግቡ፤ ከዛፍ ሥር አይጠለሉ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ። መስመር የምናሰምርበት ኖራም ሲረጥብ የልጅ ዐይንና ቆዳ ያቃጥላልና በዝናብ ወራት ይቅር፤ በየማእዘኑ ባንዲራ ተክለን ገመድ ብንዘረጋ ይበቃል።

ዳኛ ጨዋታ የማቆም ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ልጆቹን የጠየቅን እንደ ሆነ ሁልጊዜ «እንቀጥል» ይሉናል፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን አንድ ተማሪ በየጠዋቱ ወደ ደንገጎ ስልክ ደውሎ የደጋውን ዝናብ ይጠይቅ፤ «ጥሏል» ከተባለ ዳኛው ያለ ክርክር ያሰናብት።

ክቡራን መምህራንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በዕረፍቱ ወራት የትምህርት ቤቶች ሜዳ ለልጆቹ እንዲከፈት ቃላችሁን አሰሙልን። በሩ ተዘግቶ ሳለ «ወደ አሸዋው አትውረዱ» ብንላቸው አይሰሙንም፤ የሚሄዱበት ሌላ ሜዳ የላቸውምና።