የተዘጋው ሣጥናችን

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በዓመት መጽሐፍ ኮሚቴ አባሎች የተሰጠ ንግግር





የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ወይም ስለ ታላቅ ጀግና አይደለም። ይህ መጽሐፍ ሊታተም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስለ ተዘጋብን አንድ አካውንትና ከእርሱ ስላገኘነው ትምህርት ነው።

ለመጽሐፉ የሚሆነውን ሁሉ ያስቀመጥነው በአንድ የኢሜይል አካውንትና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ክላውድ በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ነበር። የክላውድ ትርጉም ደመና ቢሆንም ዕቃው በሰማይ የለም፤ ድርጅቱ በሚያስተዳድራቸው ትልልቅ የኮምፒዩተር አዳራሾች ውስጥ ነው። በዚያ የቀድሞ ተማሪዎች የላኩልን ፎቶግራፎችና የመምህራን ጽሑፎች ነበሩ። ከሁሉም በላይ ግን ደወላችንን ለብዙ ዓመታት ሲደውሉ የኖሩት የግቢው ዘበኛ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወጉን የድምፅ ቅጂ ነበረ። አዛውንቱ ድምፃቸውን ከቀዳን በኋላ በሦስተኛው ወር አረፉ። ስለዚህ ቅጂው ቢጠፋ ተመልሰን የምንጠይቃቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በአዲስ ስልክ ልንገባ ስንሞክር፥ የይለፍ ቃሉን በትክክል ብንጽፍም፥ «እርስዎ መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ጽሑፍ መጣብን። የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው አካውንቱን በከፈተው ተማሪ ስልክ ነበር። እርሱ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል፤ ቁጥሩንም ለውጧል። እኛም ደንግጠን ከዚህም ከዚያም ስልክ ተራ በተራ ሞከርን። ብዙ በሞከርን ቁጥር ጥርጣሬው በረታብን፤ በመጨረሻም ለጊዜው መሞከርን ጭራሽ ተከለከልን።

በዚያው ማታ አንድ የማናውቀው ሰው ችግራችንን ሰምቶ «ገንዘብ ላኩልኝና አስከፍትላችኋለሁ» ሲል ጻፈልን። ከመካከላችንም ገንዘብ ማዋጣት የጀመርን ነበርን። የኮምፒዩተር መምህራችን ይህን ሲሰሙ፥ «ልጆቼ፥ የማያውቀውን ሰው ቤት እከፍታለሁ ብሎ የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉን። አፈርን፤ ገንዘቡም በኪሳችን ቀረ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን አካውንቱን የከፈተውን ጓደኛችንን ስናማው ሰንብተን ነበር። እናቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሚኖሩ ቤታቸው ሄደን አዲሱን ቁጥር ተቀበልን። በቅዳሜው መጣ። እርሱን ስንወቅስ የሰነበትን እኛ ግን፥ ሲለቅ «ቁልፉን አስረክበን» ብለን የጠየቅነው አንድም ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀን። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነበር።

መምህራችን በአዲሱ ስልክ እንዳይሞክር ከልክለው፥ ቀድሞ አካውንቱን ሲጠቀምበት ከነበረው የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡት። ድርጅቱ የሚመረምረው የይለፍ ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ገቢው የሚገባበትን መሣሪያና ሥፍራም ጭምር እንጂ። ሁለተኛ መጠባበቂያ አድርጎ ያስመዘገበው የራሱ ኢሜይል ስለ ነበረ ኮዱ ወደዚያ ተላከ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደጁ ተከፈተ። የአዛውንቱን ድምፅ ስንሰማ በክፍሉ ውስጥ የተናገረ አልነበረም።

ሆኖም ሁሉም ነገር አልዳነም። ማከማቻው ሞልቶ ስለ ነበረ ወደ እኛ የተላኩ አንዳንድ ደብዳቤዎች ሳይገቡ ወደ ላኪዎቻቸው ተመልሰዋል። በመጽሐፋችን ውስጥ ፎቶግራፍ የሌለው አንድ ክፍል ብታዩ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ይቅርታችሁን እንለምናለን።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን ባጭሩ እናስረዳ። አካውንት የሚታገደው በልዩ ልዩ ምክንያት ስለ ሆነ መድኃኒቱም ልዩ ልዩ ነው።

አንደኛው ምክንያት የቦታ መሙላት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን የጉግልን አገልግሎት ለምሳሌ ብንወስድ፥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በነጻ የተሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፥ ለፋይልና ለፎቶግራፍ በጋራ የሚያገለግል ነው። ቦታው ከሞላ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል፤ 2 ዓመት ሙሉ ከልክ በላይ እንደ ሆነ ከቆየም ዕቃው ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ትልልቆቹን ፋይሎች ወደ ሌላ ሥፍራ ቀድቶ መሰረዝ ነው። የተሰረዘውም ነገር ከቅርጫቱ እስኪወጣ ድረስ ቦታ እንደሚይዝ አትርሱ።

ሁለተኛው ማንነትን አለማረጋገጥ ነው፤ የእኛ ችግር ይህ ነበር። መድኃኒቱ በተለመደው ኮምፒዩተር፥ በተለመደው ሥፍራ ሆኖ በእርጋታ መሞከር ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን መጠባበቂያ ስልክንና ኢሜይልን ማደስ ይገባል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለሚጠቀሙ ሰዎች ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አኃዝ ሲሆን የሚያገለግለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህን በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ተጣሰ ተብሎ የሚደረግ እገዳ ነው። በዚህ ጊዜ በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል፤ እውነቱን በአጭርና በትሕትና መጻፍ ይጠቅማል። አካውንቱ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት የተሰጠ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የዚያው ቤት አስተዳዳሪ ነው።

ከዚህም በቀር ለረጅም ጊዜ የተረሳ አካውንት አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት 2 ዓመት ያልተገባበት የግል አካውንት ሊሰረዝ ይችላል። የሟች ዘመዶቻችሁ ፎቶግራፍ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ካለ ሳይውል ሳያድር አውጡት።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እኛ አካውንቱን የከፈትነው በጥድፊያ፥ በአንድ ልጅ ስልክ ነበር፤ በጥድፊያም ተፈታብን። አሁን ግን የኮሚቴው አካውንት ሁለት ጠባቂዎች አሉት፤ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ። የመጠባበቂያ ኮዶቹ በታሸገ ፖስታ ሆነው በዲሬክተራችን የብረት ሣጥን ተቀምጠዋል። የአዛውንቱም ድምፅ በሁለት ልዩ ልዩ ዲስኮች ተቀድቶ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። ተማሪው ጠባቂ ትምህርቱን ሲጨርስ ለተተኪው በፊርማ ያስረክባል።

ውድ ወላጆቻችንና ጓደኞቻችን፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር እንድታደርጉልን እንለምናችኋለን። በአካውንታችሁ ላይ የተመዘገበው የስልክ ቁጥር ዛሬ በእጃችሁ ያለው መሆኑን ተመልከቱ። የተላከላችሁንም ኮድ ማንም ቢጠይቃችሁ፥ «ከድርጅቱ ነኝ» ቢልም እንኳ፥ አትንገሩ።

የእኛ ደጅ ተከፍቷል፤ የእናንተም ሳይዘጋ እንዲጠበቅ እየተመኘን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።