የሐዋሳ የብስክሌት መስመሮችና የአስፋልቱ ጠርዝ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሐዋሳን ያየ ሰው ስለ ከተማዪቱ ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ያነሳል፤ ሐይቁንና ብስክሌቱን። ሁለቱም የአንድ ምክንያት ውጤቶች ናቸው። ከተማዪቱ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ባጎደጎደው ስፍራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ከዚህ ሜዳ ጎልተው የሚታዩት በሐይቁ ዳር ያለው ታቦርና በስተደቡብ ያለው አላሙራ ናቸው። ስሙን ከኮረብታው የወሰደው የታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ዳገት ማየት ሲያምረው ቀና ብሎ ይመለከታል እንጂ በየዕለት መንገዱ ላይ አያገኘውም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ብስክሌት ያለ ማንም ቀስቃሽ ይለመዳል። በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳርም በዚሁ ምክንያት የብስክሌት ከተማ ሆናለች።

የሜዳውን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በደህና አስፋልትና በለጥ ያለ መሬት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚጠይቀው ኃይል ከ50 ዋት ብዙም አይርቅም። ይህን ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሳያልበው ያወጣዋል። መንገዱ 5 በመቶ ዳገት ሲሆን ግን ያው 50 ዋት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አያስኬድም፤ ብስክሌቱም በዚህ ፍጥነት ሚዛኑን ሊጠብቅ ስለማይችል ባለቤቱ ወርዶ ይገፋል። ኃይሉን አጥፎ 100 ዋት ቢያወጣ ፍጥነቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ስሌት ማስታወስ ኋላ ላይ ይጠቅማል።

ከታቦር ግርጌ የሚነሳ ብስክሌተኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው አሞራ ገደልን ነው። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ይዘው የሚወጡበት፣ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው የሚቆሙበት፣ ጉሬዛና ጦጣ ከሾላው ቅርንጫፍ የሚዘሉበት መናፈሻ ነው። ከዚያ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ሲሄድ ፍቅር ሐይቅ ይደርሳል። ከከተማው ሲወጣ ደግሞ ጥቁር ውኃን ያገኛል፤ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ይኸው ነው። ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው። ከፊት ለፊት በስተምሥራቅ የጥንቱ እሳተ ገሞራ ግንብ እንደ አጥር ተገትሮ ይታያል። በግንቡ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የደን ትምህርት የሚሰጥባት፣ ፍል ውኃዋ የታወቀው ወንዶ ገነት ትገኛለች።

ሁለተኛው መስመር ወደ ደቡብ ነው። ቱላን ካለፉ በኋላ ሜዳው ያበቃና ምድሩ ይታጠፋል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። በየጓሮው እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው በላይ የጥላ ዛፍ ይታያል። ወደ ይርጋዓለም ሲቃረቡም የጊዳቦ ሸለቆ ይከፈታል። በኢትዮጵያ ለብስክሌት የሚያምር ገጠር ይጠቆም ቢባል ይህን የሲዳማ ምድር የሚቀድም ብዙ አይገኝም።

ብስክሌተኛው ግን እነዚህን መልካም ስፍራዎች የሚያያቸው በጨረፍታ ነው። ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ከፊቱ ባለው የአስፋልት ጠርዝ ላይ። ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ የሚወስደው ዋና መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል የሆነው ነው። የጭነት መኪናው ከኋላ ጡሩንባውን ሲነፋ ብስክሌተኛው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከአስፋልቱ ልውረድ ወይስ አልውረድ? መልሱን የሚሰጠው እርሱ ሳይሆን መንገዱን የሠራው መሐንዲስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ሲያረጅ በነባሩ አስፋልት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አዲስ ንጣፍ ይደረባል። የጠጠር ትከሻው አብሮ ካልተሞላ በጠርዙ ላይ ደረጃ ይፈጠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲደረብ ደረጃው እጥፍ ይሆናል፤ ዝናብ ጠጠሩን ሲሸረሽረው ደግሞ ይብሳል። በስምጥ ሸለቆ ያለው አመድማና ቀላል የእሳተ ገሞራ አፈር በጎርፍ በቀላሉ የሚሄድ ነውና። መኪና ይህን ደረጃ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የብስክሌት ቀጭን ጎማ ግን ወደ አስፋልቱ ሊመለስ በአግድም ሲጠጋው ጠርዙን ታክኮ ይንሸራተታል እንጂ አይወጣውም፤ የሚወድቀውም ብስክሌተኛ የሚወድቀው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መኪናው በኩል ነው። ጠርዙን በዝቅተኛ ተዳፋት ማድላት በሥራው ጊዜ ቢታሰብ እጅግ ጥቂት የሚያስወጣ ነገር ነበር።

የዳገቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ቀድሞ እንደተሰላው፣ ዳገት ላይ ያለ ብስክሌተኛ ቀርፋፋ ነው፤ የቀረፈፈም ብስክሌት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል። ስለዚህ ከሜዳው ይልቅ በዳገቱ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በዲዛይን ልማድ ግን ለከባድ መኪናዎች መውጫ ተጨማሪ ረድፍ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ትከሻው ነው። የብዙ አገሮች መመሪያዎች ለብስክሌት ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ መከላከያ ብረት ባለበትም 1.5 ሜትር ይመክራሉ። ቱላን አልፎ ወደ ይርጋዓለም የሚወጣ መንገድ ሲታደስ ይህ ልክ በሁለቱም ወገን እኩል መሰጠት የለበትም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚወጣው ወገን ነው፤ የሚወርደው ከመኪናው ጋር ሊፎካከር ይቃረባልና።

በከተማው ውስጥ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ሜዳው ለብስክሌት በረከት እንደሆነ ሁሉ ለፍሳሽ መርገም ነው። ውኃ የሚሄድበት ቁልቁለት ስለሌለው፣ የአስፋልቱ የጎን ተዳፋት ወደ ዳር የገፋው ዝናብ እዚያው ዳር ላይ ይተኛል፤ ዳሩ ደግሞ የብስክሌተኛው ቦታ ነው። በክረምት ብስክሌተኛው ከኩሬው ሲሸሽ ወደ መሐል መንገድ ይገባል፤ እዚያም ባጃጁ ይጠብቀዋል። ባጃጅ ለከተማው ትልቅ አገልግሎት መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ቀድሞ ብስክሌት ይዞት የነበረውን የመንገድ ዳር ለመጫንና ለማውረድ ሲጠቀምበት፣ ብዙ ወላጅ ልጁን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት መላኩን እንዲፈራ አድርጓል። የሐዋሳ የብስክሌት ልማድ የሚጠፋ ቢሆን የሚጠፋው በዚህ ፍርሃት ነው እንጂ በስንፍና አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ስትራቴጂ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፤ ብስክሌተኛ የሚሄደው በአቋራጭ ሥዕሉ ላይ በተጻፈው ስፋት ነው። አቋራጭ ሥዕሉን የሚፈርመውም በዚህ ጉባኤ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ነው። ፍጥነትንም የሚወስነው እርሱ ነው፤ በ60 የሚሄድ መኪና የያዘው የግጭት ጉልበት በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነውና፣ ብስክሌትና መኪና በሚደባለቁበት የከተማ መንገድ 30 ማለፍ የለበትም።

ኢትዮጵያ ብስክሌተኛ አጥታ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓዶቹ በጎዳና ውድድር በቡድን 9ኛ ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚበቅሉት መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ በሚያደርስ መንገድ ላይ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ያነሰ ይመስላል። በመንገድ ዳር የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ የሚደፋው የብረት ፍርግርግ ብረቶቹ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆነው ከተቀመጡ የብስክሌት የፊት ጎማ በመካከላቸው ይሰምጣል፤ ብስክሌቱ በቅጽበት ይቆማል፣ ተሳፋሪው አይቆምም። ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው ሲተኙ ግን ጎማው ከላያቸው ያልፋል፤ የሚወርደው ውኃም ያንኑ ያህል ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ፍርግርግ አንሥቶ፣ አዙሮ፣ መልሶ ለማስቀመጥ ሁለት ሠራተኞችና አንድ ዲጂኖ ይበቃሉ።