ከትከሻ የሚጀምር ፍለጋ
ኮንቴምፖራሪ ዳንስ ተማሪው የተሰጠውን እንቅስቃሴ ከማጥናት አልፎ የራሱን እንዲፈልግ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ይህ ፍለጋ ትልቅ መነሻ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በጎዳና ይኖሩ የነበሩ ልጆችን አሠልጥኖ «ካርሚና ቡራና» የተሰኘውን የዳንስ ትርኢት ለመድረክ አበቃ። ከዚያ «አዱኛ» የተሰኘው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአባላቱ አንዱ፣ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ ለመማር ተመረጠ።

በዚህ ዳንስ ፈጠራው የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። እስክስታ የለመደ ተማሪ ትከሻውን ይዞ ይመጣል፤ ምቱን ያዘገየዋል፣ ወደ ወገቡ ያወርደዋል፣ ወለል ላይ ተኝቶ ይሞክረዋል፣ አንዳንዴም ያለ ሙዚቃ። እዚህ ላይ የሚገኘው ነገር በእውነት ድንቅ ነው፦ ከልጅነት ጀምሮ በሠርግና በበዓል የሚታወቀው እንቅስቃሴ ከከበሮው ሲለይ ሐዘንን፣ ጥርጣሬን፣ ናፍቆትን መናገር ይችላል። ቀጥሎ መምረጥና መጣል ይመጣል። የሚከብደው መጣሉ ነው፤ ተማሪው የወደደው እንቅስቃሴ ሁሉ ሐሳቡን አያገለግልምና። በመጨረሻ ሥራው መድረክ ላይ ይወጣል። እዚያ ግን የልምምድ ክፍሉ መስታወት የለም፤ ተማሪው ቦታውን በእግሩ፣ ጊዜውን በትንፋሹ፣ ባልደረባውን በክብደቱ ያውቃል።