የኮምፒዩተር አገልግሎቶችን በትርጕም ስለ ማያያዝ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገረው ስለ ኮምፒዩተር ቢሆንም፥ ነገሩን ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ብንጀምረው ይቀላል። አንድ ሰው ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ አሰበ እንበል። የባቡሩን መነሻ የሚነግር አንድ አገልግሎት ይኖራል፤ ባዶ ወንበር መኖሩን የሚነግር ሌላ፤ ገንዘቡን የሚያስተላልፍ ሦስተኛ፤ ባጃጅ የሚጠራ አራተኛ። እነዚህን የሚያጋጥማቸው መንገደኛው ራሱ ነው፤ ከአንዱ ያነበበውን ለሌላው ይገለብጣል። ይህን ሥራ ኮምፒዩተሩ ብቻውን ሊሠራው ይችላልን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቲም በርነርስ ሊና ሁለት ባልደረቦቹ በ1993 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2001) ስለ ሴማንቲክ ዌብ ከጻፉ ወዲህ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል። አንዳንዶቹ ንድፉን ሰው እንዲያወጣ፥ ኮምፒዩተሩም ክፍት ቦታውን በተስማሚ አገልግሎት እንዲሞላ አደረጉ። ሌሎቹ ዕቅዱንም ለኮምፒዩተሩ ተዉት። ለዚህ ግን እያንዳንዱ አገልግሎት የሚቀበለውን፥ የሚሰጠውን፥ ከመሥራቱ በፊት ሊሟላለት የሚገባውንና ከሠራ በኋላ የሚለውጠውን መናገር አለበት። በ1997 ዓ.ም. ለዓለም አቀፉ የዌብ ጉባኤ የቀረበው ኦውል ኤስ የተባለው ቋንቋ የተበጀው ለዚሁ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ሾፕ ሁለት በተባለው አቃጅ ትልቁን ጉዳይ ወደ ትንንሽ ጉዳዮች እየከፋፈሉ ሞክረውታል።

እኛም ለልምምድ ያህል የይስሙላ አገልግሎቶችን ጽፈን አያያዝን። የባቡሩ አገልግሎት «2 ሰዓት» አለ፤ በእኛ አቈጣጠር ጠዋት መሆኑ ነው። የባጃጁ አገልግሎት ግን በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሁለቱም «ሰዓት» መሆናቸውን አይቶ ያለ ማመንታት አጋጠማቸው፤ መንገደኛችንንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከጣቢያው በር ላይ አቆመው። ሳቅን። ዕቅዱ ግን በሕጉ መሠረት አንዳች ስሕተት አልነበረበትም፤ ያሳሰበንም ይኸው ነው።

ሰዓቱስ ቢያስቅ ነው፤ ገንዘቡ ግን አያስቅም። የጉዞ ሰዓት ሺህ ጊዜ ቢጠየቅ የሚጐዳ የለም። ክፍያ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ኮምፒዩተሩ ወንበር መኖሩን ሳያረጋግጥ ከከፈለ፥ የአንድ ተማሪ የወር ቀለብ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያን የሚያህል ተግባር መመለሻው አብሮ ሳይጻፍ ከዕቅድ ውስጥ መግባት የለበትም እንላለን።

አይቢኤም፥ ማይክሮሶፍትና ሳፕ ለሕዝብ ከፍተውት የነበረውን የአገልግሎት መዝገብ በ1998 ዓ.ም. ዘጉት። በእኛ አስተያየት ችግሩ የአቃጁ ስንፍና አልነበረም፤ መግለጫውን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው መጥፋቱ ነው። ዛሬ የቋንቋ ሞዴሎች ተራ ጽሑፍ አንብበው አገልግሎት ይመርጣሉና መግለጫ መጻፍ ቀረ የሚሉን ጓደኞች አሉ። አንስማማም። ሞዴሉም ያልተጻፈለትን ሰዓት ይገምታል እንጂ አያውቅም።

የእኛን ሰዓት፥ የእኛን ዘመን አቈጣጠርና የቦታ ስሞቻችንን ማን ይጻፍልን? እኛ በቦታ ስሞች ጀምረናል። «ናዝሬት» እና «አዳማ» አንድ ከተማ መሆናቸውን ኮምፒዩተሩ ካልተነገረው ሁለት ከተማ ያደርጋቸዋል፤ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፥ ዝዋይና ባቱም እንዲሁ። ዝርዝሩ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ከማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የጐደለ የምታውቁ ሁሉ፥ ከሥሩ ባዶ መሥመር ትተናል።