የልብን ጥላ ማንበብ

አቅራቢት፦ በኢኮካርዲዮግራፊ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ በሚነሣ የልብ ምስል የሚታየው የሚርገበገብ ግራጫ ጥላ በመሆኑ፣ የሐኪም ዐይን ሥልጠናውን ከየት ይጀምራል?

አቅራቢ፦ ከጤነኛው ልብ ነው፤ የጤነኛውን ምት ደጋግሞ ያላየ የታመመውን አይለይምና። በአገራችን በብዛት የሚታየው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተነሥቶ ሚትራል የተባለውን የግራ ልብ በር ሲጎዳ፣ ደም ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርትም ፍሰቱ በልጆች ላይ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝምና ከሁለት አቅጣጫ እንዲታይ ይጠይቅ ነበር።

አቅራቢት፦ ልኬቱ ከታወቀ ታዲያ ማሽኑ ብቻውን አይበቃም?

አቅራቢ፦ አይበቃም፤ መመርመሪያው ደረት ላይ ጥቂት ቢያጋድል ፍሰቱ አጥሮ ሊታይ ስለሚችል፣ ጀማሪው ንባቡን አስቀድሞ ጽፎ ከነባሩ ሐኪም ንባብ ጋር ያስተያያል።