ወርቅ ሲያንስ ያበራል



የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጣታችሁን አስጠግታችሁ ያዙበት። ጣታችሁ ቀልቶ ይታያችኋል። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ደምና ሥጋ ውጠው ያስቀሩታል፤ ቀዩ ግን ያልፋል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ያለ ዕጢን በብርሃን ማየት የሚሻ ሐኪም የሚያስፈልገው ቀይ፣ ይበልጡንም ከቀይ ያለፈው ኢንፍራሬድ የሚያበራ ነገር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ብርሃን ስለሚሰጥ ወርቅ ነው።

የወርቅ ቀለበት ያብለጨልጫል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው ብርሃን ከቁጥር አይገባም። ሳይንቲስቱ ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ላይ ወርቅ እጅግ ሲደቅ ውሃን እንደሚያቀላ አሳይቶ ነበር። ናኖክላስተር የሚባለው የወርቅ ቅንጣት ከዚያም ያነሰ ነው፤ 25 ያህል አቶሞች የተሰባሰቡበት፣ ከ2 ናኖሜትር በታች የሆነ። እዚህ ላይ ወርቁ የብረትነት ጠባዩን ይተዋል። እንደልባቸው ይፈሱ የነበሩት ኤሌክትሮኖች በመሰላል ላይ እንደቆመ ሰው እርከን እርከን ይይዛሉ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ይወጣሉ፣ ሲወርዱም የራሳቸውን ብርሃን ይለቃሉ።

አሠራሩ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች የወርቅ ጨው ከከብት ደም ከሚወጣው አልቡሚን ጋር ቀላቀሉ፤ ኮስቲክ ሶዳ ጨምረውም በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነት ሙቀት፣ ለ12 ሰዓት አቆዩት። ቢጫው ፈሳሽ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆነ። አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት እንደ ፍም ቀላ። ወርቁን ከጨውነቱ የመለሰውም፣ የሸፈነውም ያው ፕሮቲን ነው። ብርሃኑ ገና ደካማ ነበር፤ ከዋጠው 100 የብርሃን ቅንጣት የመለሰው 6 ያህሉን ነው።

ናኖክላስተር ለሕክምናም ይሞከራል። ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን በአጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የተቆጣው ኦክስጅን ደግሞ የካንሰሩን ሕዋስ ይገድላል። ብርሃኑ ያላረፈበት ሥጋ ይተርፋል። ነገር ግን ብርሃን ሥጋ ውስጥ ርቆ አይዘልቅም፤ የብዙ ዕጢ መሃልም ኦክስጅን ያጥረዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወርቁ ከሰውነት የሚወጣበት መንገድ ነው። ኩላሊት የሚያጣራው ወርዱ እስከ 5.5 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ነው፤ የሚለካው ደግሞ ወርቁ ከነልብሱ ነው። አልቡሚን የለበሰው ስለሚገዝፍ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል። ግሉታታዮን የተባለችውን ትንሽ ሞለኪውል የለበሰው ግን አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ማስረጃችን በአብዛኛው ከአይጥ የተገኘ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ደምቆ የሚያበራ ዕጢ ፎቶ ሲያመጡልኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የአይጧ ሽንት ውስጥ ስንት ወርቅ እንደተገኘ ነው።