ጥቁር ሂናና የእንስሳት ሙከራ



ውድ አድማጮቻችን፣ ዒድ ወይም ሠርግ ሲቃረብ በየቤቱ ስለ ሂና ይወራል። የዛሬ ዝግጅታችንም ከዚያው ይነሳል።

ከቅጠሉ ብቻ የተዘጋጀ ሂና እጅ ላይ ሰዓታት ቆይቶ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀስ ብሎም ቡናማ ቀይ ቀለም ይሰጣል። ቶሎ ድቅድቅ የሚለው «ጥቁር ሂና» ግን ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይህ ኬሚካል ለፀጉር ቀለም፣ ያውም ፀጉር ላይ ሲደረግ ከ2 በመቶ ሳይበልጥ ይፈቀዳል፤ ቆዳ ላይ መቀባት ግን ክልክል ነው።

አለርጂ መጥፎነቱ ድምፁን አጥፍቶ መግባቱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ግን ኬሚካሉን በጠላትነት ይመዘግበዋል። ዳግም ሲነካው ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይሰረዝም። በልጅነቷ ጥቁር ሂና የተሳለላት ልጅ አድጋ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ እስኪጨፈን ሊያብጥ ይችላል።

ታዲያ አንድ ንጥረ ነገር እንዲህ እንደሚያደርግ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል? ለብዙ ዓመታት የሚሞከረው በጊኒ ፒግ ቆዳ፣ ኋላም በአይጥ ጆሮ ላይ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የነገሩንን የምናውቅ ሰዎች፣ ለከንፈር ቀለም ሲባል እንስሳ መሠቃየቱን በቀላሉ አናልፈውም። የአውሮፓ ኅብረትም ለመዋቢያነት ሲባል በእንስሳት የተሞከሩ ምርቶችን ሽያጭ ከመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አግዷል።

በምትኩ የመጣው ዘዴ የአለርጂን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይከተላል። ኬሚካሉ አለርጂ የሚፈጥረው ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ነው፤ ስለዚህ በብልቃጥ ውስጥ ከአጭር የፕሮቲን ቁራጭ ጋር ለ24 ሰዓት ተቀላቅሎ፣ ምን ያህሉ ቁራጭ እንደተያዘ ይለካል። ሁለተኛው ሙከራ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የሰው ቆዳ ሴሎችን ይጠቀማል፤ ሴሎቹ ሲደነግጡ እንደ እሳት በራሪ ብርሃን እንዲሰጡ ተደርገዋል፣ ሱብሓነላህ! ሦስተኛው የመከላከያ ሴሎች የሚያወጡትን የማንቂያ ምልክት ያያል። አንዱ ሙከራ ብቻውን አይበቃም። ኦኢሲዲ በ2021 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 497 ከተፈቀዱት አካሄዶች አንዱ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበትን ውጤት መቀበል ነው።

ዘዴው ግን ድክመት አለው። ውሃ ውስጥ የማይሟሙ ቅባታማ ነገሮች ለመለካት ያስቸግራሉ። ቆዳ ውስጥ ገብተው ከተለወጡ በኋላ ብቻ የሚጎዱም አንዳንዴ ያመልጣሉ።

ደግሞም «አለርጂ ያመጣል» ማለትና «በዚህ መጠን ይጎዳል» ማለት ይለያያሉ። ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የተባለው ክሬም እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል በአውሮፓ በ2005 ለብቻው እንዲገባ ሲፈቀድ አለርጂነቱ የተሰወረ አልነበረም። የተሳሳተው የመጠኑ ግምት ነው። ብዙ ሰው ከታመመ በኋላ በ2017 ሳይታጠቡ ቆዳ ላይ ከሚተው ምርቶች ታገደ። ታጥቦ በሚሄድ ሻምፑ ውስጥ ግን በጣም አነስተኛ መጠን ይፈቀዳል። እኛ እንደሚመስለን እናቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው ይህን ነው፤ የሕፃን ክሬም ቀኑን ሙሉ ቆዳው ላይ ይውላልና።

«በእንስሳት አልተሞከረም» የሚለው ጽሑፍም አለርጂ አያመጣም ማለት አይደለም። ጥቁር ሂና አንዴ ያሳከካት እህት ፀጉር ከመቀባቷ በፊት የቆዳ ሐኪም ታማክር፤ ለሐኪሙም የሂናውን ነገር ሳትረሳ ትንገረው። ሂና የምትቀባንንም ውስጡ ምን እንዳለ እንጠይቃት። አላውቅም ካለች ቅጠሉን ገዝተን ቤታችን እናቡካው።